ለአራሷ ዘጠና ቀን

ፍራንክፈርት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ማርገዟን የነገረችን በ2016 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነበር። እናቴ ዜናውን በስልክ እንደ ሰማች እልል አለችና ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ «ታዲያ ማን ሊያርሳት ነው?» ብላ ጠየቀች። እህቴ የጀርመን ሐኪሞች በሚገባ እንደሚከታተሏት፣ ከወለደችም በኋላ አዋላጅ እቤቷ ድረስ እየመጣች እንደምትጠይቃት አስረዳች፤ እናቴ ግን የጠየቀችው ስለ ሕክምና አልነበረም። ገንፎውን የሚሠራ፣ አጥሚቱን የሚያፈላ፣ ወገቧን የሚያስር፣ ሕፃኗን አጥቦ የሚያሽ ሰው ማነው ማለቷ ነበር። መልሱንም ራሷው ሰጠች። በቤታችን ውስጥ ወረቀት የሚገባው ሰው እኔ ነኝ ተብሎ ስለሚታመን ጉዳዩ በዚያው ምሽት እኔ ላይ ወደቀ።

ሥራውን የተቀበልኩት በፍርሃት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቴ ለአሥር ቀን ሥልጠና ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ሊልከኝ ፈልጎ የቪዛ ማመልከቻዬ ውድቅ ተደርጎብኝ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት ተራ በተራ የተደረደሩ ምክንያቶችና ከእያንዳንዳቸው ፊት ባዶ ሣጥን ያለበት ቅጽ ሲሆን፣ ምልክት የተደረገበት ሣጥን የቪዛው ጊዜ ከማለቁ በፊት ከአገሩ ለመውጣት ያለኝ ሐሳብ ሊረጋገጥ እንዳልቻለ የሚገልጸው ነበር። ለብዙ ወራት ተናድጄ ኖሬያለሁ። ሚስቴና ልጆቼ፣ ሥራዬ፣ ጅምር ቤቴ ሁሉ አዲስ አበባ ሆነው እንዴት አይመለስም እባላለሁ እያልኩ ለሰማኝ ሁሉ አማርሬያለሁ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ያስገባሁትን ፋይል እንደ ሒሳብ መርማሪ ሆኜ ገለጥኩት። ከማመልከቻው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እቁብ ደርሶኝ ነበርና፣ የባንክ መግለጫዬ ላይ ደመወዜ በየወሩ እየገባ እያለቀ ሲሄድ ከቆየ በኋላ በአንድ ቀን የደመወዜን ብዙ እጥፍ የሚሆን ብር በጥሬ ገንዘብ ገብቷል። ስለዚህ ገቢ አንድ መስመር ማብራሪያ አልጻፍኩም። ለእኔ እቁብ ነው፤ ለማያውቀኝ አንባቢ ደግሞ ለቪዛ ማሳያ ተብሎ ከሰው የተበደርኩት ገንዘብ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ደንበኞቼን «የገባው ብር ምንጩ ይጻፍ» እያልኩ ስቆጣ የምውል ሰው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር የቪዛ ማመልከቻ የሚጠይቀው ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ሰውየው በወረቀት ላይ ማን እንደሚመስል መሆኑ ነው። የእኛ ኑሮ ግን አብዛኛው በወረቀት ላይ የለም። ገንዘባችን በእቁብ ይሽከረከራል፣ ቤታችን በሟች አባት ስም ይቆያል፣ ዘመዳችን በስም አይመሳሰለንም፣ የልደት ቀናችን በታቦት ስም ይታወሳል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ወደ ቤት የሚመልሰን ነገር፣ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ጎረቤቱ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት አያውቅም። የእናቴን ፋይል ማዘጋጀት ለእኔ ይህንን ሁሉ ወደ ወረቀት የማውረድ ሥራ ነበር፤ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

በቅድሚያ ሕጉን አነበብኩ። የምንፈልገው ለአጭር ጊዜ ቆይታ የሚሰጠውን የሸንገን ቪዛ ነው፤ ይህም በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን ላልበለጠ ጊዜ መቆየት የሚያስችል ነው። (እናቴ ሸንገን የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ስም መስሏት ከርማለች። በሉክሰምበርግ በሞዜል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር መሆኗን፣ ስምምነቱም በ1977 ዓ.ም. ሰኔ 7 ቀን እዚያው ወንዝ ላይ በቆመ መርከብ ውስጥ በአምስት አገሮች መፈረሙን ስነግራት «በጀልባ ላይ የተፈረመ ነገር ነው እንዲህ የሚያንገላታን?» አለችኝ።) ዛሬ አባል አገሮቹ 29 ናቸው። ማመልከቻው የሚገባው ጉዞው በዋናነት ለሚደረግበት አገር ስለሆነ በእኛ በኩል ምርጫ አልነበረም። የእህት ልጅ የምትወለደው ፍራንክፈርት እስከሆነ ድረስ፣ የየትኛው አገር ቪዛ ይቀላል የሚለው የካፌ ወሬ እኛን አይመለከትም። ወሬው ራሱም ብዙ ሰው ጎድቷል፤ በአንዱ አገር ቪዛ ወደ ሌላው በቀጥታ ለመብረር ያሰበ ሰው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የእኛን ጉዳይ ያከበደው ሌላም ነገር ነበረ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ኢትዮጵያውያን አመልካቾች ከሌሎች ተለይተው ጠበቅ ያለ ሥርዓት ተደንግጎባቸዋል። ምክንያት ተብሎ የተሰጠው መንግሥታችን በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን መልሶ በመቀበል ረገድ በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። በዚህም መሠረት ማመልከቻ የሚመረመርበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዳንዱን አመልካቹ እንዲተው መፍቀድም ቀርቷል። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላት ጡረተኛ መምህርት በዚህ የመንግሥታት ክርክር ውስጥ ምን አገባት ብዬ መጠየቄ አልቀረም፤ ይሁንና የቀን መቁጠሪያዬን ያወጣሁት 45ቱን ቀን ይዤ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላልና፣ መውለጃዋ ኅዳር 12 ቀን 2017 ይሆናል ከተባለ እኛ ነሐሴ ሳያልቅ ፋይሉን ማስገባት አለብን አልኩ።

ያንን ጊዜ ሌላም ነገር ደረሰበት። ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በነሐሴ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቪዛው ክፍያ ደግሞ ከዚያው ዓመት ሰኔ 4 ጀምሮ ከ80 ዩሮ ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር። ክፍያው በብር ቢፈጸምም የሚሰላው በዩሮ ስለሆነ፣ በግንቦት ያሰብኩት ወጪ በነሐሴ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከክፍያው ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የእናቴ የባንክ ደብተር ነበር። ከጡረታዋ እየቆጠበች ያጠራቀመችው ገንዘብ በዩሮ ሲሰላ በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ገደማ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ሳታጠፋ ደኸየች ማለት ነው። ስለዚህ የወጪውን ሸክም በሙሉ ወደ እህቴ ማዞር ግድ ሆነ።

ጀርመኖች ለዚህ የሚሆን አንድ ሰነድ አላቸው። ስሙ ፌርፕፍሊኽቱንግስኤርክሌሩንግ ይባላል፤ እናቴ አንድ ጊዜ ልትለው ሞክራ ሦስተኛው ፊደል ላይ ተወችው፤ በቤታችን «የእህትህ ዋስትና» በሚለው ስም ነው የቀረው። ጋባዡ በሚኖርበት ከተማ ወዳለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የቤት ኪራይ ውሉን አቅርቦ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ የሚፈርመው የግዴታ ሰነድ ነው። ፊርማው ቀላል አይደለም። እንግዳው በዚያ አገር ሳለ ለመኖሪያም ይሁን ለሕክምና የመንግሥት ገንዘብ ቢወጣበት ፈራሚው እንዲተካ ይገደዳል፤ ግዴታውም እስከ አምስት ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ነርስ የሆነችው እህቴ ይህንን ከባሏ ጋር አንብባ ስትጨርስ «እናቴን ለመጠየቅ ዋስ ሁኚ እባላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለችኝ፤ ግን ፈረመች። እዚህ ላይ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ሰነዱ የጋባዡ የመክፈል አቅም መረጋገጡን ወይም አለመረጋገጡን የሚያሳይ ቦታ አለው፤ ተረጋግጧል የሚል ካልሆነ ዋስትናው እምብዛም አይጠቅም። ሰነዱ በተሰጠ በስድስት ወር ውስጥም ከማመልከቻው ጋር መቅረብ አለበት። የሚቀርበው ዋናው ወረቀት ስለሆነ፣ ለእረፍት ወደ አገር ቤት በሚመጣ ጎረቤቷ እጅ ተላከልንና እኔም ቦሌ ሄጄ ከእጁ ተቀበልኩ። የሰውን ሻንጣ የሞላ ጫማና ልብስ ሁሉም ይቀበላል፤ እኔ ግን ለአንድ አረንጓዴ ወረቀት ብዬ ሁለት ሰዓት ቆሜ መጠበቄን ሰውየው እስካሁን ያነሣብኛል።

ትልቁ ራስ ምታት የመጣው ከስም ነው። እናቴ በፓስፖርቷ ላይ በራሷ ስም፣ በአባቷና በአያቷ ስም ትጠራለች። እህቴ ከስሟ ቀጥሎ የአባታችን ስም አላት። የምትወለደው ልጅ የእህቴን ባል ስም ትይዛለች። ሦስቱም አንድ ደም ናቸው፤ በፈረንጆች ቅጽ ላይ ግን «የቤተሰብ ስም» በሚለው መስመር ሲሞሉ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። እህቴም ዋስትናውን ስትፈርም ይኸው ጥያቄ ቀርቦላት፣ በእኛ አገር የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ ለማስረዳት ብዙ ደክማለች። እናትና ልጅነታቸውን የሚያገናኝ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእናት ስም የሚጻፍበት የእህቴ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። አውጥቼ ባየው የእናቴ አባት ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት መንገድ ከፓስፖርቷ ይለያል። በስሙ ውስጥ «ጸ» አለችበትና፣ አንዱ ጋ በሁለት ፊደል፣ ሌላው ጋ በአንድ ፊደል ተጽፋለች። እኛ በአማርኛ «ጸ» ይሁን «ፀ» ብዙም አንጣላም፤ በላቲን ፊደል ግን የአንዲት ፊደል ልዩነት ሌላ ሰው ትፈጥራለች። ስለዚህ ሰነዱ እንደ ገና ተተረጎመ፤ ትርጉሙ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ተከተለ፤ ከዚያም ወደ ማረጋገጫው ወረፋ ተመለስን።

የቀን አቆጣጠሩም የራሱ ጣጣ ነበረው። እናቴ የተወለደችው በ1950 ዓ.ም. በጥቅምት ሚካኤል ነው። ፓስፖርቷ ይህንን በትክክል ወደ 1957 መልሶታል። የጡረታ ሰነዷን የተረጎመልን ባለሙያ ግን በልማድ ስምንት ደምሮ 1958 አደረጋት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መደመር እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይሳሳታል። ፋይሉን ከማስገባታችን በፊት ባለው ምሽት እያንዳንዱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሙን፣ ቀኑን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ እየነካሁ ሳመሳክር ነው ያገኘሁት። ለሌላ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህችን ምሽት ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲያደርጋት ነው፤ እኔ በማግስቱ በሩ ገና ሲከፈት ትርጉም ቤት ደጅ ተገኝቼ ነው የተረፍኩት። ቀጠሮው 8፡30 ይላል፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 ማለት ነው። ይህንንም ተሳስቶ ከቀትር በኋላ የመጣ ሰው እዚያው በር ላይ አይቻለሁ።

መመለሷን የሚያሳየው ክፍል ላይ ብዙ አሰብኩ። ቤቱ አለ፤ ካርታው ግን ዛሬም በሟቹ አባታችን ስም ነው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ስለነበረን ከካርታው ጋር አስተርጉመን አያያዝን። ጡረታዋ በየወሩ ባንክ ስለሚገባ የስድስት ወር መግለጫ ወጣ። ከእኔ ስህተት ተምሬ፣ በሰኔ ወር ከደረሳት እቁብ የገባውን ብር በተመለከተ የእቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበት ማብራሪያ ከነትርጉሙ ጨመርኩ። እዚህ ላይ እናቴ «የእድሬም ደብዳቤ ይግባ» ብላ አንድ ነገር አመጣች። ለሃያ ሰባት ዓመት የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናት። መጀመሪያ ሳቅኩባት። ኤምባሲ ስለ እድር ምን ያውቃል አልኳት። እሷ ግን ተቆጣች፤ «የሰው ገንዘብ በእጄ ያለ ሰው መሆኔን ካላወቁ ስለ እኔ ምን ሊያውቁ ነው?» አለችኝ። ደብዳቤው ተጻፈ። ከየት ዓመት ጀምሮ እንደምታገለግል፣ በሌለችበት ጊዜ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ በየካቲት መጨረሻ በሚደረገው የሒሳብ ምርመራ መገኘት እንዳለባት ይገልጻል። የእድሩ ማኅተም ወደ ሐምራዊ ያደላ ክብ ነበር። ደብዳቤውን አንብበውት እንደሆነ ማንም አልነገረንም፤ እኔ ግን ከፋይሉ ውስጥ እሷን በትክክል የሚገልጽ ወረቀት ቢኖር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀረው በአጭሩ የሚነገር ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ አስከሬንን ወይም ሕመምተኛን ወደ አገር መመለስን የሚጨምርና በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የአውሮፕላን ቲኬት አስቀድሞ መግዛት አያስፈልግም፤ ቦታ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል። ቀጠሮ በገንዘብ አስይዛለሁ፣ ባንክ ሒሳባችሁ ላይ ለአንድ ወር ብር አስቀምጥላችኋለሁ የሚሉ ደላሎች በስልክም በአካልም መጥተውብን ነበር፤ የእነሱን ነገር ከዚህ በላይ ማንሣት አልፈልግም።

ነሐሴ 27 ቀን 2016 እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፋይሏን ታቅፋ ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። ከመግባቷ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ያለማመድኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መቼ ይመለሳሉ?» ስትባል ቀኑን እንድትናገር። በቤት ውስጥ ስንለማመድ ሁልጊዜ የምትመልሰው «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ብላ ነበር። ስለ ነገ ቁርጥ አድርጎ መናገር በእሷ ዘንድ ድፍረት ነው፤ በእነሱ ዘንድ ደግሞ ቀኑን አለመናገር የመቅረት ምልክት ነው። በዚህ ነገር ላይ ከልብ ተከራክረናል። «እኔ የነገን ነገር አውቃለሁ ብዬ ልዋሽ?» አለችኝ። ውሸት አይደለም፣ ዕቅድ ነው አልኳት። አሻራዋን ሰጥታ፣ ጥቂት ጥያቄ ተጠይቃ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስትወጣ ምን እንዳለች ጠየቅኋት። በአማርኛ ነው ያነጋገሯት። «ሴትየዋ ‹መቼ ይመለሳሉ እማማ?› አለችኝ፤ እኔም በእኛ የካቲት 2፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 9 አልኳት» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቀጠለች፤ «ከዚያ ‹እግዚአብሔር ሲፈቅድ› ብዬ ጨመርኩበት። እሷም ‹አሜን› አለች።»

ጥበቃው 38 ቀን ፈጀ። በመካከሉ እናቴ ስለ ቪዛው አንድም ቀን አላነሣችም፤ በሶ ታስፈጫለች፣ ሽሮ ታስቀምማለች። እኔ ነበርኩ ሌሊት የምነቃው። ውድቅ ከተደረገ ምን እንደሚደረግም አጥንቼ ነበር። በዚያን ጊዜ የጀርመን ኤምባሲዎች ውሳኔያቸውን በአቤቱታ መልሰው እንዲያዩት መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ያ መንገድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተዘግቶ፣ አሁን የቀረው ወይ እንደ ገና ማመልከት ወይ በርሊን ባለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። መስከረም 30 ቀን ፓስፖርቷ ሲመለስ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ቪዛው ጋ ስደርስ፣ ከስሟ በፊት ያየሁት ቁጥሮቹን ነው። አንድ ጊዜ የሚያስገባ፣ የቆይታ ጊዜ 90 ቀን፤ የሚያገለግልበት ጊዜ ግን ካመለከትንበት የመድረሻ ቀን ከኅዳር 5 ጀምሮ እስከ የካቲት 19 ድረስ ነው።

ብዙ ሰው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት ሳያስተውል ይቀራል። አንዱ ቪዛው የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ሌላው በዚያ ጊዜ ውስጥ መቆየት የሚቻልበት የቀን ብዛት ነው። ሕጉ የጉዞ ቀን ሊዛባ እንደሚችል አስቦ በቪዛው የአገልግሎት ጊዜ ላይ 15 የእፎይታ ቀናት ይጨምራል፤ የቆይታውን ቀን ግን አይጨምርም። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። እኛን ያዳነን ይህ ልዩነት ነው። በአልትራሳውንድ የታየችው ሕፃን ሴት ናት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እናቴ በኅዳር 5 ከሄደች ዘጠናኛ ቀኗ የካቲት 4 ነው። ልጅቷ በተባለው ቀን ኅዳር 12 ብትወለድ ሰማንያ ቀኗ የካቲት 1 ይሆናልና ሦስት ቀን ይተርፋል። በአንድ ሳምንት ብትዘገይ ግን የካቲት 8 ነው፤ እናቴ ክርስትናው ሳይደርስ መውጣት ይኖርባታል። የበኩር ልጅ ደግሞ መዘግየት ይወዳል። ይህንን በወረቀት ሠርቼ ሳሳያት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና ምጡን ለሐኪሞቹና ለእመቤታችን ትታ ክርስትናውን መረጠች። በረራውን አሥር ቀን ገፋነው፤ የመድኑንም ቀን አብረን አስለወጥን። የዓመቱን ሚካኤል እዚሁ አነገሠችና ኅዳር 14 ሌሊት ተነሣች።

ከመነሣቷ በፊት የነበረው የመጨረሻው ጠብ ስለ ቅቤ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ንጥር ቅቤና ቋንጣ በዚህ ውስጥ ናቸው። አራስ ያለ ቅቤ ምን ትሆናለች ብላ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በመጨረሻ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ብቻ ይዛ ሄደች፤ ቅቤውን እዚያው ከሱቅ ገዝተው ራሷ አነጠረችው፤ «መዓዛው ደህና ነው፣ ግን ከብቱ ምን እንደሚበላ አይታወቅም» የሚል ዘገባ ደረሰኝ። የእህቴን አድራሻ፣ የዋስትናውን ቅጂ፣ የመመለሻ ቲኬቱንና የመድኑን ወረቀት በእጅ ቦርሳዋ አድርጌላት ነበር፤ ቪዛ በእጅ ቢኖርም ድንበር ላይ ያለው ፖሊስ እንደ ገና የመጠየቅ መብት አለውና። ጠይቋታልም። ወረቀቶቹን በየተራ ሰጠችው፣ የእድሩን ደብዳቤ ቅጂ ጭምር።

ልጅቷ እናቴ በደረሰች በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 17 ተወለደች። ምጡንም ክርስትናውንም አገኘች። የካቲት 6፣ የነነዌ ጾም በተፈታ ማግስት፣ የልጅ ልጇ ክርስትና ተነሣች፤ እናቴም በቆይታዋ ሰማንያ ስድስተኛ ቀን፣ የካቲት 10 ማታ ከፍራንክፈርት ተነሣች። ቦሌ ስቀበላት ከሻንጣው በፊት ፓስፖርቷን ነው የጠየቅኋት። «ልጄ፣ እኔን አታየኝም እንዴ?» አለችኝ። በገጹ ላይ ሁለት ማኅተሞች አሉ፤ በእነሱ አቆጣጠር የመግቢያው 24፣ የመውጫው 17 ይላል። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ አንሥቼ በአዲስ አቃፊ ውስጥ አስገባኋቸው፤ እሷ ደግሞ የእድሩን ቁልፍ ከምክትሏ ልትረከብ ወጥታ ነበር።